ልጁን የወሰደው ሰው ስሙን ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የፊደል ስህተት ካለብኝ አርማችሁ አውጡልኝ፣ ሐሳቡን ግን እንዳለ ተዉልኝ።

ወንድሜ በአፈሳ ነው የተወሰደብን። ነገሩ የቆየ ነው፣ 1981 ዓ.ም። እኔ 12 ዓመቴ ነበር፣ እሱ 17። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፣ አሥረኛ ክፍል ነበር። እናቴ ላምባ እንዲገዛ ጀሪካን አስይዛ ላከችው። ማታ ላይ ጀሪካኑን አንድ የሰፈር ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁት ብሎ ይዞት መጣ። ወንድሜን ያየው ግን አልነበረም።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንባቢዎች አፈሳ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ለወጣቶቹ ልንገራቸው። በ1975 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገልግል ይል ነበር። ዕድሜው ተጽፏል፣ ጊዜውም ተጽፏል። ሰፈር ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። ለቀበሌ ኮታ ይመጣል፣ ይህን ያህል ሰው በዚህ ቀን አቅርቡ ይባላል፣ ቁጥሩ ካልሞላ ሊቀመንበሩ ይጠየቃል፣ ለምን ልጅ አመጣህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ስለዚህ መንገድ ላይ የተገኘው ይታፈሳል። በእኛ ሰፈር ኮርኒስ ውስጥ የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። የእህቱን ቀሚስና ነጠላ ለብሶ ዘመድ ቤት የተሻገረም ነበር።

እናቴ በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። «እኛ ጋ የለም» አሏት። ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ያኔ «ከፍተኛ» ወደሚባለው ሄደች። «መዝገባችን ላይ የለም» አሏት። ይህን አልዋሿትም፣ እውነትም መዝገብ ላይ አልነበረም። የወሰደው ሰው አልፈረመም፣ የተቀበለውም አልፈረመም። እኔ ካደግሁ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ካርቶን ወረቀት ሲገባ በሞዴል 19 ተፈርሞበት ነው፣ ሲወጣም በሞዴል 22። ማን አመጣው፣ ማን ተረከበው፣ በስንት ቀን፣ ሁሉም ይጻፋል። አንድ ነገር ከጎደለ የፈረመው ሰው ይጠየቃል። ያንን ፎርም በሞላሁ ቁጥር ወንድሜ ትዝ ይለኛል። የእናቴ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድም ወረቀት አልተከተለውም።

በዚያው ምሽት ተይዞ የነበረ የአንድ ሰው ልጅ እንደተለቀቀ ሰፈር ውስጥ ይወራ ነበር። እናቴ ወንድሜ የሄደው በዚያ ልጅ ፋንታ ነው ብላ እስክትሞት ድረስ ታምን ነበር። የልጁን እናት ሳታውቃት ስትረግማት ኖረች።

ለሁለት ዓመት ያህል የደረሰን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ለዕረፍት የመጣ ወታደር በእጁ ያመጣልን። ከረን አካባቢ መሆኑን ከዚያ አወቅን። ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። አሥመራ ስትያዝ ሠራዊቱ ተበተነ፣ ብዙው በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ፣ ወንድሜም ከእነሱ ጋር ነበር። ቤት የደረሰው ነሐሴ ውስጥ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ «ማንን ፈልገህ ነው የኔ ልጅ?» አለችው። አላወቀችውም።

19 ዓመቱ ነበር። የማታ ትምህርት አስመዘገብነው፣ ሁለት ወር ሄዶ ተወው። «ስም ሲጠራ አልችልም» አለኝ። ያኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አሞት ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ነርሷ ስሙን ከነአባቱ ስትጠራው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ እጁን ከጎኑ ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ላብ አጠመቀው። ነርሷ ደነገጠች። «አይዞህ አባቴ፣ ግባ» አለችው። እሱ ግን ለመንቀሳቀስ ጊዜ ወሰደበት። ስም ሲጠራ በዓይኑ የሚመጡበት፣ ማታ አብረውት በልተው ጠዋት ስማቸው ተጠርቶ አቤት ያላሉት ልጆች ናቸው። ይህን የነገረኝ በዚያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስንመለስ ነው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ስለ ጦርነቱ አውርቶኝ አያውቅም።

አልጋ አለው፣ የሚተኛው ግን መሬት ላይ በሩ አጠገብ ነው። ትራሱ ሥር ዳቦ አይጠፋም። ትዳር አልያዘም። መርካቶ ወዛደር ሆኖ ሠራ፣ ከዚያ ዘበኛ ሆነ፣ እስከ ዛሬም ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ነቅቶ ማደሩ ከመተኛት ይቀለዋል። ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፣ መጠጥ አይቀምስም። የሚያውቁት ሁሉ «ጨዋ ነው፣ ዝምተኛ ነው» ይሉታል። እኔ ግን የድሮውን አውቀዋለሁ። የድሮው ወንድሜ በሬዲዮ የሚተላለፈውን የኳስ ጨዋታ እንደ ጋዜጠኛው እየጮኸ የሚደግም፣ እናቴን እንጀራ ምጣዱ ላይ እስኪያርባት ድረስ የሚያስቃት ልጅ ነበር።

በ1983 ክረምት የወታደር ካፖርት ለብሰው አዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚለምኑትን ሰዎች ያያችሁ አላችሁ። ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ሠራዊት ነው የተበተነው። የሚያቋቁማቸው ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፣ ካምፕ ገብተው የተመዘገቡትም ጥቂት ድጋፍ አግኝተው ወደየቤታቸው ተሸኝተዋል። ወንድሜ ፈርቶ አልተመዘገበም። ፍርሃቱ ሲለቀው ደግሞ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ሲሄድ ስላልተጻፈ ወታደር እንደነበረ እንኳ ማስረዳት አልቻለም። ጡረታ የለ፣ ሕክምና የለ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ዘንድሮ ስለተደገመብን ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ውጭ አንድ ከተማ ውስጥ ትኖራለች፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው የምትተዳደረው። ልጇ 16 ዓመቱ ነው፣ እሱም አሥረኛ ክፍል። ቁመቱ ረዘም ይላል። እህል አስፈጭቶ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ፣ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ ያዙትና አንድ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር አስገቡት። ዱቄቱ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። እናቱ የትምህርት ቤት መታወቂያውን ይዛ ሮጠች። «ቁመቱን አላየሽም እንዴ?» አሏት። በማግስቱ ሄደች፣ ከበር መለሷት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ወደ ጥግ ጠርቶ ገንዘብ ካለ እንደሚወጣ ነገራት። ዕቁብተኞቿን ለምና ተራዋን አስቀደመች፣ 30 ሺህ ብር ቆጥራ ሰጠች። ልጁ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ደረሰኝ አልተሰጣትም፣ የሰውየውንም ስም አታውቅም።

ልጇን ይዛ ስትወጣ ሌላ ልጅ ሲያስገቡ አየች። «የእኔን አስወጥቼ የሌላዋን አስገባሁ» እያለች ስልክ ላይ ስታለቅስብኝ ሰውነቴ ራደ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግማት የኖረችው ያቺ ሴት እኮ እንዲህ ስታለቅስ ኖራ ይሆናል።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኅዳር 2017 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ለመከላከያ ምልመላ እየተባለ ሰዎች ያለፍላጎታቸው መያዛቸውን፣ ከተያዙት ውስጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች እንዳሉበት፣ ለማስለቀቅ ገንዘብ እንደሚጠየቅም ገልጿል። ታጣቂዎቹስ ቢሆኑ? ጫካ ያለውም ልጅ ይወስዳል፣ ከተማ ያለውም ይወስዳል። ለእናትየው የሁሉም አንድ ነው፣ ማታ እራት ላይ አንድ ሰው ይጎድላታል።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለ። አገራችን የፈረመችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለውትድርና እንዳይመለመል ይከለክላል። ልጆችን ከጦርነት የሚጠብቀውን የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም በ2006 ዓ.ም ተቀብለነዋል። የሠራዊቱ የምልመላ ማስታወቂያ ራሱ 18 ዓመት የሞላው ነው የሚለው።

ችግሩ ዕድሜ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። እስቲ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ለ18 ዓመት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ «መታወቂያ» ተብሎ ሲጠየቅ ማሳየት የማይችለው ማነው? ዕድሜው ያልደረሰው ልጅ ነው። 25 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያውን አውጥቶ ይከራከራል። ልጁ ኪሱ ባዶ ነው። የልደት ምዝገባ ደግሞ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው፣ ዛሬ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከዚያ በፊት ነው የተወለዱት። ብዙዎቹ ያላቸው የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት ነው፣ እሱም ካልጠፋ። ስለዚህ የልጁ ዕድሜ በቁመቱ ይለካል። ቶሎ ያደገ ልጅ የቁመቱን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ሲገኝ ደግሞ ጥርጣሬው ለልጁ መሆን ነበረበት፤ ዕድሜው እስኪጣራ ወደ ቤቱ ይሂድ መባል ሲገባው የሚደረገው ተቃራኒው ነው።

ሠራዊት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ 21 ዓመቷ ነው፣ ወድዳ ተመዝግባ ገብታለች። ቤተሰቦቿ ድግስ ደግሰው ሸኟት፣ እኔም ዳቦ ደፍቼ ሄድኩ፣ ስትደውል አብረን እንሰማታለን። የት እንዳለች እናውቃለን። ይህንን አከብራለሁ። ሥራ አጥቶ የሚሄደውንም አልፈርድበትም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ወጣቶች አዲስ አበባ ሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ወታደር ይቀጥራሉ የሚል ወሬ ሰምተው ነው የመጡት። ኤምባሲው እኔ አልመለምልም አለ፣ ልጆቹ ግን ከየሰፈሩ መጥተው ነበር። ያን ያህል የቸገረውን ወጣት ጠርቶ ማስመዝገብ ስለሚቻል፣ ዱቄት ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ የሚያዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ የሚረከብ ሁሉ ይፈርም። ሦስት ቅጂ ያለው ፎርም ይኑር፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ ዕድሜው በምን ማስረጃ እንደተረጋገጠ፣ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደተረከበው፣ ወዴት እንደሚሄድ። አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ በዚያው ሳምንት። በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ይህ ምንም አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ሲቆስል፣ ሲመለስ፣ ጡረታ ሲጠይቅ የሚያሳየው ይኖረዋል። ልጅን ያለፈቃዱ የሚይዝ ሰው ግን ስሙን ጽፎ ሊፈርም አይደፍርም። እኔ ሃያ ዓመት ዕቃ አስረክቤ ስረከብ የተማርኩት ይህን ነው፣ መፈረም ያልፈለገ ሰው ያመጣውን ዕቃ አልቀበልም ነበር።

የተመለሱትንም አትርሱብን። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን መልሶ ለማቋቋም ዕቅድ ይዟል። ጥሩ ነገር ነው። ከገንዘቡና ከሥልጠናው ጋር ግን እንቅልፍ የሌለውን ሰው የሚያይ ሐኪም ይጨመርበት፣ ትምህርት ያቋረጠውም እንደ ሕፃን ስሙ ሳይጠራ የሚማርበት ቦታ ይፈለግለት። ወንድሜን በ1983 እንዲህ ያየው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የምኖረው።

የአክስቴ ልጅ ልጇን ወደ እኛ ላከችው። እዚያ ከቤት መውጣት ፈርቶ ነበር። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ስለሆነ የትኛውም ትምህርት ቤት አልቀበለውም አለ፣ መልቀቂያውም አልመጣም ነበር። ስለዚህ በዘጠኝ ቀን ምክንያት የዘንድሮ ትምህርቱ ቀረ። ቀን ቀን ቴሌቪዥን ያያል፣ ሲመሽ ግን ፍራሹን ጎትቶ ወንድሜ አጠገብ በሩ ጋ ይተኛል። ወንድሜ አልከለከለውም። ዳቦውንም ያካፍለዋል።

አሁን መልቀቂያው መጥቷል። ምዝገባ ሲከፈት ማን ይዞት ይሂድ ስንባባል ወንድሜ «እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ከ1981 ወዲህ በቀን የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ትናንት የልጁን የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ የክርስትና ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ይዞ ወጥቶ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ኮፒ አስደርጎ፣ በላስቲክ አሽጎ መጣ። አንዱን ልጁ ኪስ ውስጥ ከተተለት፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ራሱ ያዘ።

አንዲት እህት
ከአዲስ አበባ