ለእህቴ፣ ስለ እማዬ ዕቃዎች

እህት ዓለም፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። ለዕቃ ማጓጓዣው የሚሆነውን ገንዘብ ዛሬ ልኬያለሁ። የዘገየው ሳይሞላልኝ ቀርቶ እንጂ ረስቼ አይደለም።

እማዬ ወደ ትንሿ ቤት ለመግባት እሺ ማለቷን ስሰማ ደስ አለኝ። ደረጃ የለውም ብለሻል፤ ለጉልበቷ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 684,000 ሰው ወድቆ እንደሚሞት፣ በቁጥር የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት እንደሆኑ ይናገራል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያ የቤታችን ደረጃ ከዓይኔ አይጠፋም። አዲሱ ቤት ውስጥም የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይቅር። ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤት መንገዱ ክፍት ይሁን፣ መብራትም ይኑረው።

ከዚያ ግን የድሮው ቤታችን ባዶ ሆኖ ታየኝና ሆዴ ባባ።

«እያንዳንዱን እያነሳች ታለቅሳለች፣ ስትወጣ ጠብቄ ልጣለው» ያልሽውን እባክሽ ተዪው። ዕቃው የሷ ነው። አንድ ነገር ሳታውቅ ከጠፋ የቀረውን ሁሉ ሙጭጭ ብላ ነው የምትይዘው። ድካምሽ ይገባኛል። ሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቀላል እንደምትዪም አውቃለሁ። ግን ስሚኝ፣ በፎቶ አትጀምሩ። አንድ አልበም ከተከፈተ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ከዕቃ ቤቱ ጀምሩ፤ ክዳን የሌለው ድስት፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከደከማት ሁሉንም «አስቀምጪው» ነው የምትለው። የቤቱ ሰነድ፣ የባንክ ደብተሯና የሐኪም ወረቀቶቿ በአንድ ቦርሳ ሆነው ካንቺ እጅ አይውጡ። ቁምሳጥኑ ሳይጫን የአዲሱን ቤት በር ለኩ።

ፎቶዎቹ ላይ ግን አትቸኩዪ። አጠገቧ ተቀመጪና ማን ማን እንደሆነ ጠይቂያት። ስሙን ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳትጫኚ ጻፊው። ከአባዬ ጎን የቆመችው ባለ አበባ ቀሚስ ሴት ማን ናት? እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። የምታውቀው እማዬ ብቻ ናት።

የልብስ ስፌት መኪናዋ አብሯት ይሂድ። ዓይኗ ክር ማስገባት ቢያቅተውም ይሂድ። መዘውሩ ላይ ቀለሙ የተላጠውን ቦታ ታስታውሻለሽ አይደል? የእጇ ማረፊያ ነው። ዩኒፎርማችንን ሁሉ የሰፋችው በዚያ ነው። ቦታ ከጠበበ የኔ ሳጥን ይቀነስ። ደብተሮቼን ጣሏቸው፣ ጃኬቴን ለሚለብሰው ስጡት። «ሲመጣ ይፈልገው ይሆናል» እያለች ነው ያቆየችው አይደል? እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ካንቺ ከሰማችው ቀረ ብላ ታስባለች። እመጣለሁ እኮ። ወረቀቴ እንደተስተካከለ እመጣለሁ።

ሠርግሽ ላይ አለመኖሬን ማሰብ አልፈልግም። አንቺም ቤቱም በአንድ ሰሞን ከጇ ሲወጡ ግን ይከብዳታል። ከቻልሽ ዕቃውን ከሠርጉ በፊት አስጭኚ። ጥቂት ቀን አዲሱ ቤት አብረሻት እደሪ፣ ብቻዋን አትግባበት።

እሁድ እደውላለሁ። ስልኩን ለሷ ስጪያትና አንቺ ትንሽ ወጣ በዪልኝ።

ወንድምሽ