ትንሿን ሪሌይ አትናቋት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፋብሪካ ቆመ ሲባል ሁሌ የምትጽፉት ስለ ዶላር እጥረትና ስለ መብራት መጥፋት ነው። ልክ ናችሁ። ግን አንዳንዴ ጥፋቱ የእኛው የባለሙያዎቹ ነው።

እኔ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። በቅርቡ ማጓጓዣው ቀጥ አለ። የፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) መውጫ ላይ ያለችው መብራት ትበራለች፣ ኮንታክተሩ (የሞተሩን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ትልቅ ማብሪያ) ግን አይስብም። ለካ ፓነሉን (የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን) የሠራው ሰው የኮንታክተሩን የ220 ቮልት ኮይል (ማብሪያውን የሚስበውን የሽቦ ጥቅል) በቀጥታ ከፒኤልሲው መውጫ ጋር አስሮት ኖሯል፤ ኮንታክተሩ በተነሳና በወደቀ ቁጥር የምትፈጠረው ብልጭታ መውጫው ውስጥ ያለችውን ኮንታክት (የምትገናኝና የምትለያይ ብረት) ቀስ በቀስ በልታ ጨርሳታለች። እሷ ደግሞ የፒኤልሲው ካርድ ላይ የተበየደች ናት፣ ስለዚህ ሙሉ ካርድ ግዛ ማለት ነው።

መሀል ላይ በሶኬት የምትሰካ ሪሌይ (በትንሽ ጅረት ትልቁን የምታበራና የምታጠፋ ማብሪያ) ብትኖር ኖሮ ነቅዬ ሌላ እሰካ ነበር። አለቀ!

ትራንዚስተር መውጫ (በኮንታክት ፋንታ በኤሌክትሮኒክስ የሚያበራና የሚያጠፋ) ከሆነማ የባሰ ነው። ብዙዎቹ 24 ቮልት ዲሲ፣ ግማሽ አምፔር ገደማ ቢችሉ ነው። የምትጨመረዋ ሪሌይም ራሷ ኮይል አላት፣ ስትጠፋ መልሳ ትራገጣለች (የቮልቴጅ ምት ትልካለች)፤ ኮይሏ ላይ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይታሰር፣ ካቶዱ (ባለመስመሩ ጫፍ) ወደ ፖዘቲቭ። ገልብጦ ያሰረ ሾርት አደረገ ማለት ነው (አንዴ እኔም አድርጌዋለሁ)።

እርግጥ ፈጣን ፐልስ (በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት) ለሚልክ መውጫ ሪሌይ አይሆንም፣ አይደርስበትም። ለኮንታክተርና ለትልልቅ ቫልቭ ግን ፓነል የምታሠሩ ባለቤቶች፣ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት በሩን አስከፍታችሁ «ሪሌዮቹ የታሉ?» በሉ።

የጥገና ሠራተኛው