የመኪናው ቀብድ ከተቆጠረ የእኔ ምድጃ ለምን አይቆጠርም?

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የተከበሩ የወረዳችን ተወካይ፣

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የደረሰኝ "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል፣ ለሁሉም የሚላክ ወረቀት ነው። እኔ ግን ጥያቄ ነበር የጠየቅኩት፦ ለእንጨት ምድጃዬ የግብር ቅናሹን ለምን ተከለከልኩ? አሁን በአደባባይ እደግመዋለሁ።

የሚኒሶታን ብርድ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በበረዶ ማዕበል መብራት ሲጠፋ የጋዝ ማሞቂያችንም አብሮ ቆመ። ጋዝ ቢኖርም አየሩን የሚነፋው ኤሌክትሪክ ነውና። እናቴ ጋቢዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ሁለት ሌሊት ስትንቀጠቀጥ አደረች። የጡብ ምድጃ ለማሠራት የቆረጥኩት ያኔ ነው። እንጨቱ ሁለት ሰዓት ያህል በኃይል ይነድዳል። ጭሱ በጡቡ ውስጥ እየዞረ ሲወጣ ሙቀቱን እዚያው ይተዋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ጡቡ እስከ ማግስቱ ቤቱን ያሞቃል።

የፌዴራል የግብር ሕጉም ያግዝ ነበር። ብቃቱ ቢያንስ 75 በመቶ የሆነ የእንጨት ምድጃ ላስገባ ሰው ከወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ ከግብሩ ይቀነስለት ነበር። ያውም እስከ 2032 መጨረሻ! ይህን አምኜ ሜይ 2025 ላይ ውል ፈረምኩ፣ ቀብድም ከፈልኩ። ጁላይ 4 አዲሱ ሕግ ተፈረመና ቀኑ ወደ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ተሳበ። ገንዘቡን መክፈል አይበቃም፣ ምድጃው እስከዚያ ቀን ተሠርቶ ማለቅ አለበት ተባለ።

ይህ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ክብደቱ በቶን ነው፤ የራሱ መሠረት ይቆፈርለታል። ጡብ በጡብ ይገነባል፣ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሙያውን የሚችል ግንበኛ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። የእኔ ተራ ደርሶ ምድጃው ያለቀው ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። በሁለት ሳምንት 2,000 ዶላር አጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሕግ የኤሌክትሪክ መኪና የግብር ቅናሽ ሴፕቴምበር 30 ተዘጋ። ከዚያ ቀን በፊት ውል ፈርሞ ቀብድ የከፈለ ግን መኪናውን ዘግይቶ ቢረከብም ቅናሹ አልቀረበትም። እኔም ፈርሜያለሁ። እኔም ከፍያለሁ። የእሱ ፊርማ የተከበረው የእኔ ያልተከበረው በምን ምክንያት ነው? ይህን ሕግ ያወጣው እርስዎ የተቀመጡበት ምክር ቤት ነው። ልዩነቱን ሳያውቁት አይቀሩም።

ከጁላይ 4 በፊት የተፈረሙ ውሎች እንዲቆጠሩ ማሻሻያ ያቅርቡ። ውሉ፣ ደረሰኙና የምድጃው የብቃት ማረጋገጫ ቢሮዎ ውስጥ አሉ፤ ሁለት ጊዜ ልኬዋለሁ። ያቀርባሉ ወይስ አያቀርቡም? አንድ ቃል ይበቃኛል።