ደሪያው ዘፈን

አባዬ፣

እንዴት ነህ አቦ? ሙቀቱስ? እህቴ ቬንትሌተሩ ተቃጥሎ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው አለችኝ። የላኩት ብር ሲደርስ መጀመሪያ እሱን ግዙ፣ ደሞ ለጎረቤት ልጅ ደብተር ምናምን ብለህ እንዳትበትነው፣ አውቅሃለሁ። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፣ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ጠፋሽ" ብቻ ስትለኝ ተውኩት። ስለዚህ ጻፍኩልህ፣ የእህቴ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብልህ።

ቅዳሜ ማታ እዚህ በርሊን ኮንሰርት ገባሁ። አዎ እኔ፣ ከስራ ቤት ከቤት ስራ የምለው። የምንከባከባት አንዲት አሮጊት አለች፣ ዘጠና ልትደፍን ምንም አልቀራት፣ ትኬቱን ከገዛች በኋላ ወገቧ ተያዘና "አንቺ ሂጂልኝ፣ ስትመለሺ ግን አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ። የድሮ የካባሬና የሻንሶን፣ የፈረንሳዮቹ ማለቴ ነው፣ ዘፈኖች ናቸው፣ አጃቢው ግን አራት ባለገመድ መሳሪያ ብቻ፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ፣ ከፊታቸው ኮትና ሱሪ የለበሰች ረጅም ዘፋኝ። ፒያኖ የለ፣ ከበሮ የለ፣ አኮርዲዮን እንኳን የለ። እውነቱን ልንገርህ፣ አስር ሰዓት ቆሜ ስለዋልኩ ኋላ ወንበር ላይ ትንሽ ላሸልብ ነበር ያሰብኩት።

ካባሬ ምንድነው ብትለኝ አዝማሪ ቤት በለውና እለፈው። ዘፋኟ ሴትዮ በየዘፈኑ መሃል እያወራች ነበር፣ ፓሪስ ሞንማርትር ላይ በ1881 እ.ኤ.አ. ሻ ኑዋር የሚባል ቤት ተከፈተ፣ ጥቁር ድመት ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፣ ሰዉ እየጠጣ ገጣሚና ዘፋኝ እየተነሳ ሀብታሙንም ሹሙንም ሲወርፍ ያመሽ ነበር። ጀርመኖቹ በርሊን ላይ የጀመሩት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሰምና ወርቁ ብቻ ይቀራቸዋል እንጂ ያው ነው፣ እንዲያውም ሰምም አላቸው።

የመጀመሪያው ዘፈን ቢላዋ ይዞ ስለሚዞር ወንበዴ ነው፣ ኩርት ቫይል የሚባል ጀርመን ዜማ፣ ግጥሙ የደራሲው የብሬሽት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘፈነው ኦገስት 31 ቀን 1928 ነው፣ የት መሰለህ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ ከኤስ ባን፣ ከከተማው ባቡር፣ ስወርድ ከወንዙ ማዶ የማየው ቲያትር ቤት ውስጥ! ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን የዘፈነው ኩርት ጌሮን የሚባል ሰውዬ ነው፣ ይሁዲ ነበር፣ በ1944 ናዚዎች አውሽዊትዝ ማጎሪያ ገደሉት። ሴትየዋ ይሄን ተናግራ ምንም ሳትጨምር ወደ ዘፈኑ ገባች። ቪዮላ የምትጫወተው ልጅ ደጋኗን ገመዶቹ ወደሚያርፉበት እንጨት አስጠግታ ስትስበው ድምፁ ቀጠነና ሻከረ፣ በቃ ማሲንቆ ሆነ እልሃለሁ፣ እንቅልፌ እዚያ ላይ ጠፋ።

ከዛ የቤልጅየሙን ዘፋኝ የዣክ ብሬልን "አምስተርዳም" ስትዘፍን አንተን ነው ያስታወስኩት። ስለ ወደብና ስለ መርከበኞች ነው፣ ብሬል በ1964 ፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ የዘፈነው፣ አመጣጡ ግን ባቡር ነው። ቼሎው ብቻውን ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ልጁ በጣቱ ገመዱን መታ እያደረገ በሌላው እጁ የቼሎውን ሆድ እንጨቱን ያንኳኳል፣ ታክ ታክ፣ ታክ ታክ፣ ሀዲዱ መጋጠሚያ ላይ ጎማው ሲያልፍ እንደሚለው፣ ከዛ ቪዮላው ይገባል፣ ከዛ ቫዮሊኖቹ፣ እየፈጠነ እየፈጠነ መጨረሻ ላይ ሴትየዋ አንገቷ ስሩ ተገታትሮ እየጮኸች ድንገት ቁም! ፍሬን! አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ በድንጋጤ መነፅራቸው ወደቀ።

ዩካሊ የሚባልም ነበር፣ እሱም የቫይል ነው፣ ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ በ1933 ከበርሊን ሸሽቶ ፓሪስ ገብቶ እዚያ የሰራው ታንጎ። ዩካሊ ደሴት ናት፣ ሁሉም የሚመኘው እዚያ አለ፣ ችግር ብቻ የለም፣ መጨረሻ ላይ ግን ዩካሊ የለችም፣ ህልም ናት ይላል። እዚህ ያለን ሀበሾች ቡና ላይ ተሰብስበን ስለ አገር ቤት ስናወራ እንደዛ ነው የምናወራው፣ ሙቀቱንም የመብራት መጥፋቱንም አውጥተን። ደስ አላለኝም ዘፈኑ፣ ቶሎ ባለቀ ብያለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ።

ጢምህን ስትላጭ የምትዘፍነው ትዝ ይልሃል? ድሬዳዋ ከዚራ ቤት፣ መስታወቱን ከመስኮቱ ሚስማር ላይ ሰቅለህ፣ በካናቴራ፣ ፊትህ ሙሉ አረፋ። እኛ የሚሰማን "ኖ ሪያ ደሪያ" ነበር። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ከጓዳ ሆና "አንተ ሰውዬ ልጆቹ ፊት ደሪያ ደሪያ ትላለህ፣ አታፍርም!" ስትል አንተ ጭራሽ ድምፅህን ትጨምር ነበር። ወንድሜ ክፍል ውስጥ ዘፍኖት በአለንጋ ተገርፎ መምጣቱንስ? ትርጉሙን ስንጠይቅህ "የምድር ባቡር ምስጢር ነው" አልከን። እኛም ባለጌ ዘፈን ነው ብለን ደመደምን፣ እኔ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደዛ ነው የማውቀው።

ሴትየዋ መጨረሻ ላይ ስለ ፈረንሳይዋ ዘፋኝ ኤዲት ፒያፍ አወራች። አንድ ሜትር ከሃምሳ እንኳን የማትሞላ ሴት፣ መንገድ ላይ እየዘፈነች ሳንቲም ስትለቅም በ1935 አንድ የካባሬ ባለቤት አግኝቷት ፒያፍ አላት፣ ድንቢጥ እንደማለት። ከዛ መብራቱን ቀነሱት፣ አራቱም ደጋናቸውን ባንዴ ገመዱ ላይ ጣሉት፣ ረምፓ ረምፓ እንደ ሰልፍ፣ ሴትየዋ አፏን ስትከፍት ምን ይወጣል? ኖ ሪያ ደሪያ!

ሳቅኩ አባዬ። ጮክ ብዬ፣ እዚያ ሁሉ ፀጥ ያለ ሰው መሃል። አንዷ ዞራ ገላመጠችኝ፣ አፌን በስካርፌ ያዝኩ፣ ከዛ ሳቁ ለቅሶ ሆነና ጭራሽ ባሰ። ፈረንሳይኛ እንደማልችል ታውቃለህ፣ አንተ ከጣቢያው በር ለገሃር፣ ላ ጋር ብለህ ካስተማርከን ውጪ፣ ግን የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በጀርመንኛ ተተርጉሟል። ምንም፣ በፍጹም ምንም፣ የምጸጸትበት የለኝም ነው የሚለው! ዜማውን ሻርል ዱሞን የሚባል ሰው ሰርቶት እሷ በ1960 ቀዳችው፣ በሽታ በልቶ ጨርሷት ነበር፣ ሦስት ዓመት ያህል ኖራ በ47 ዓመቷ ሞተች። አንተ በአስራ ሰባት ዓመትህ ምድር ባቡር ጥገናው ክፍል ተለማማጅ ሆነህ ከፈረንሳዩ አለቃ መስኮት ስር ቆመህ ሸክላ ትሰማ ነበር ያልከን፣ እሱ ነው አይደል? ልክ ነኝ?

እና አሁን ልጠይቅህ። ባለፈው ወር ምን አልከኝ? "ያኔ ጅቡቲ ዝውውር ሲሰጡኝ እሺ ብል ኖሮ እናንተም በየአገሩ አትበተኑም ነበር፣ በኔ ጥፋት ነው፣ ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው" አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ መልስ አጣሁልህ። ቅዳሜ ኤስ ባን ውስጥ እያሰብኩት ነበር፣ ማንን ልመን? ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አረፋ ተቀብቶ ምንም አይጸጽተኝም ብሎ የዘፈነውን ሰውዬ፣ ወይስ ስልክ ላይ ያለውን? ያኔ ዝውውሩን እንቢ ካልክ በኋላ ነው እኮ ስትዘፍን የነበረው፣ አስልቼዋለሁ፣ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውሸትህን ነበር እንዴ? መቼም ከዘፈንክ አይቀር ትርጉሙን እያወቅክ ነው።

ለአሮጊቷ ሁሉንም ነገርኳት፣ የደሪያውንም። ደሪያን በጀርመንኛ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ሲገባት ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ሳቀች፣ ከዛ "አባትሽ ድምፁ እንዴት ነው?" አለችኝ። ለሷ ጥሩ ነው አልኳት እንጂ አሁን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ።

ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ ተነቦ ሲያልቅ ልጁ ቴሌግራሙን ይክፈትና ቮይስ ቅዳልኝ። ግጥሙን ብትረሳው ኖ ሪያ ደሪያ ብቻ በለው፣ ጥርስህንም ካላደረግከው ግድ የለም። የሚቆጣህ እንደሆነ የለም አሁን። አዲሱን ቬንትሌተር ግን ስትቀዳ አጥፋው፣ ድምፁ ይረብሻል።

ልጅህ