ጉዳዩ፦ ጃን ተከል ዋርካን በመኪና መስኮት ስላሳያችሁን

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር የሦስት ቀን የጎንደር ጉዞ ከእናንተ ገዝተን ነበር። በረራውም ሆቴሉም ደህና ነበር፤ ወቀሳ የለኝም። ቅሬታዬ ስለ አንድ ዛፍ ነው። እንዳትስቁ።

በሰጣችሁን ፕሮግራም ሁለተኛው ቀን ላይ «ጃን ተከል ዋርካ ሥር የግማሽ ሰዓት ቆይታ ከገለጻ ጋር» ይላል። እናንተን የመረጥኩት ለዚህች መስመር ብዬ ነው። እናቴ ጎንደር ነው ያደገችው። ከጓደኞቿ ጋር ሲቀጣጠሩ «ዋርካው ሥር» ከተባለ በቃ፣ በየት በኩል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከከተማዋ ከወጣች 40 ዓመት አልፏታል።

ፋሲል ግቢን አስጎብኚው ልጅ ጥሩ አድርጎ አስጎበኘን። ከተማዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 እንደተቆረቆረች፣ ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 እንደመዘገበው፣ አንድም ሳያስቀር ነገረን። ስንወጣ ግን መኪናው ሳይቆም «ያ ጃን ተከል ነው» ብሎ አለፈ። እናቴ ይቁምልኝ አለች። «እማማ፣ ዛፍ እኮ ነው፤ ፓርኪንግም የለም» አላት። ከዚያ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ወስዶ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየን። እዚያ ፓርኪንግ አልጠፋም።

ዛፍ ይንቃል እንዳልል ደግሞ ፋሲል መዋኛ ላይ ግንቡን ጨምድዶ ከያዘው የዛፍ ሥር ጋር ፎቶ አንሥቶናል።

ቢያንስ ስሙን እንኳ ቢያስረዳን ምን ነበረበት? ጃንሆይ፣ ጃን ሜዳ ስንል ያለው «ጃን» ነው፤ ንጉሡ የተከለው ማለት ነው ይላሉ። ዋርካው ያለበት አደባባይ አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚፈጸምበት ቦታ ነበር። የነገሥታቱን ቤት ስንዞር አረፈድን። ሕዝቡ ቆሞ አዋጅ የሰማበትን ቦታ ግን በ10 ሰከንድ አለፍነው።

በነጋታው ቁርስ ሳንቀምስ እናቴን በባጃጅ ወሰድኳት። ግንዱን በእጇ እየዳበሰች ዞረችው። ባለባጃጁ ሳንጠይቀው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን።

ስለዚህ የሁለተኛው ቀን ክፍያ ግማሹ እንዲመለስልን፣ መልሱም በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። መኪናችሁ የማይቆም ከሆነ ደግሞ መስመሩን ከፕሮግራማችሁ አውጡት። የባጃጁን ደረሰኝ እንዳላያይዝ፣ ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ