ጽሑፉ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዓምና የክበባችን አባላት የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ በሆነው በኤችቲኤምኤል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጃቸው ጽፈው ነበር። ደክመውበታል፤ ያምርም ነበር። ግንቦት ላይ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ገጽ ይኑረው ሲባል፣ በየገጹ አናት ባለው ሜኑ ላይ አንዲት ቃል ለመጨመር 19 ፋይል አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነ። ሁለቱን ዘለሏቸው። በእነዚያ ገጾች የገባ ሰው ቤተ መጻሕፍት እንዳለን ሳያውቅ ይወጣ ነበር። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ 26 ሆነን ስንሰባሰብ ይህን አስታወስኳቸውና የዓመቱ ሥራችን ዎርድፕረስን መማር እንዲሆን ተስማማን።

ዎርድፕረስ ይዘት ማስተዳደሪያ ከሚባሉት፣ የዌብሳይትን ጽሑፍና ፎቶ ለማስገባት፣ ለማስቀመጥና ለማውጣት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል በ2003 እ.ኤ.አ. ሌላ ሰው ጀምሮት በነበረ ነጻ ፕሮግራም ላይ ተነሥተው አወጡት፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ይሠራሉ። ፈቃዱ ነጻ ስለሆነ ማንም አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ለውጦ ይጠቀምበታል። ለእኛ ዓይነት ክበብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ በፍላሽ አመጣነውና ዛምፕ ከሚባለው፣ አንድን ኮምፒውተር ሰርቨር ማለትም ገጽ አቅራቢ ከሚያደርገው ጥቅል ጋር በኮምፒውተር ክፍላችን አንድ ማሽን ላይ ጫንነው። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ሥራችን አልቆመም።

የመጀመሪያው ዕለት ብዙ አልተናገርኩም። ሦስት አጫጭር ጽሑፎች አስገባሁና ‘ቲም’ የሚሉትን፣ የዌብሳይቱን ልብስ ማለት ነው፣ ልጆቹ እያዩ ቀየርኩት። ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ የሜኑው ቦታ ሁሉ ተለወጠ፤ ከጽሑፉ አንዲት አራት ነጥብ እንኳ አልተነካችም። “ታዲያ ጽሑፉ የት ነው ያለው?” አለ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ። ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ዳታቤዙን፣ የዌብሳይቱን የመረጃ ማከማቻ ማለት ነው፣ ከፍቼ በሰንጠረዡ ውስጥ ርእሱን፣ ቀኑንና የጸሐፊውን ቁጥር አሳየሁት። ጽሑፉ እዚያ ይተኛል፤ ገጹ አንባቢ በጠየቀው ቁጥር እንደ አዲስ ተሰፍቶ ይቀርባል። ሜኑም አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ አንዴ ሲታረም በሁሉም ገጽ ላይ ይታረማል። የዓምናዎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ግን በልብስ አለቁ። ሁሉም አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም ሁሉን የመለወጥ ሥልጣን ያለው፣ ሆኖ ስለገባ ሁሉም ቀለም ይቀይራል፤ ረቡዕ ሰማያዊ የነበረውን ዓርብ ቀይ ሆኖ እናገኘዋለን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስቆጥር የተጻፈው አምስት ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጣናቸውን ቀነስኩ። በዎርድፕረስ ሰብስክራይበር የተባለ ሰው ያነባል እንጂ አይጽፍም። ኮንትሪቢውተር ይጽፋል፤ ጽሑፉን ለግምገማ ልኮ ይጠብቃል እንጂ ራሱ አያወጣም። ኦተር የራሱን ያወጣል፤ ኤዲተር የሌላውንም ያርማል፣ ያወጣል። ልጆቹን በሙሉ ኮንትሪቢውተር አደረግኳቸው፤ ቀለም የሚቀየርበት ሜኑ ከፊታቸው ጠፋ። ወዲያው “ቲቸር፣ ፎቶ አላስገባ አለኝ!” የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። እውነታቸውን ነው፤ ለኮንትሪቢውተር ፎቶ መጫንም አይፈቀድለትም። ሦስት ጽሑፍ ያለ ትልቅ እርማት ያሳለፈ ኦተር እንደሚሆን ነገርኳቸው።

ያን ጊዜ ነው መጻፍ የጀመሩት። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የመጣች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያዋ ኤዲተር ሆነች። አንድ ልጅ ስለ ክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር “ጨዋታው በጣም ደስ የሚል ነበር” ብሎ ጽፎ ላከ። የመለሰችለት በአንዲት ጥያቄ ነው፦ “ስንት ለስንት?” በሁለተኛው ረቂቅ ውጤቱም፣ ጎሎቹ የገቡበት ደቂቃም፣ ያገባው ልጅም ነበሩበት። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ዘገባ አጻጻፍ አንድ ሰዓት ብናገር ይህን ያህል የምሠራ አይመስለኝም።

ከዓመቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ከራሳችን ፊደል ጋር ያደረግነው ትግል ነው። ታኅሣሥ ላይ የቆዩ የትምህርት ቤቱን መጽሔቶች ወደ ዌብሳይቱ ለማስገባት ፋይሎቹን ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር አመጣን። ልጆቹ ኮፒ አድርገው ሲለጥፉት የመጣው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ነው። ቫይረስ የመሰላቸው ነበሩ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ፎንቱ ሲለወጥ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባለው ደንብ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን የራሱን ቦታ ከሰጠ ወዲህ ግን ‘ሀ’ የትም ብትሄድ ‘ሀ’ ናት። የታተሙት ቅጂዎች ሪከርድ ክፍል ስለነበሩ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ የ1994፣ የ1995 እና የ1996 ዓ.ም. እትሞችን በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሁለት ገጽ በላይ የጨረሰ ጥንድ አልነበረም።

አድራሻውም አስቸገረን። ዎርድፕረስ ከርእሱ ተነሥቶ ለጽሑፉ አድራሻ ያወጣል፤ ርእሱ በአማርኛ ሲሆን አድራሻው ኮፒ ሲደረግ በፐርሰንት ምልክት፣ በቁጥርና በላቲን ፊደል የተሞላ ረጅም ገመድ ይሆናል። አንዷ ፊደላችን ዘጠኝ ምልክት ትወስዳለች። ለዚህ የአድራሻ ክፍል የተፈቀደው ደግሞ 200 ምልክት ነው፤ ከ22 ፊደል ያለፈ ርእስ መሐል ላይ ይቆረጣል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ የሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ መስጠት ከዚያ ወዲያ ሕጋችን ሆነ።

ፍለጋው የባሰ ነበር። አንዲት ልጅ ራሷ የጻፈችውን ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያወራ ጽሑፍ ፈልጋ አጣችው። ስትጽፍ ‘ፀሐይ’ ብላለች፤ ስትፈልግ ‘ጸሀይ’ አለች። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ‘ፀ’ እና ‘ጸ’፣ ‘ሐ’ እና ‘ሀ’ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። የአማርኛ መምህርታችንን ጠራናቸው። ያን ቀን ክበባችን ስለ ‘ሠ’ እና ‘ሰ’፣ ስለ ‘ዓ’ እና ‘አ’ እስኪመሽ ድረስ ተከራከረ፤ እሳቸውም ቃሉ በግዕዝ እንዴት እንደሚጻፍ እያሳዩ አስማሙን። ዓለም፣ ኃይል፣ ንጉሥ፣ ጸሐፊ፣ ፀሐይ እያልን ሁለት ገጽ የአጻጻፍ መመሪያ አወጣን፤ ኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወላጆች ሞክሼ ፊደላት ለምን ይጠበቃሉ ብለው ቢጠይቁ፣ ከልጆቻቸው አንዱ ያን ግድግዳ ያሳያቸው።

የካቲት ላይ ጉዳት ደረሰብን። ሥራ ላይ እያለን መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ዳታቤዙ አልነሣ አለ። የመጨረሻው ቅጂ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ስለነበረው 14 ጽሑፍ ጠፋብን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጂ የመያዝን ነገር ለሁለተኛው ሴሚስተር አቆይቼው ነበር። ልጆቹ ከደብተራቸው ያገኙትን ዘጠኙን መልሰው ጻፉ። ከዚያ ጀምሮ በየዓርቡ በሁለት ፍላሽ እንቀዳለን፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ሪከርድ ክፍል ይቀመጣል። ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ ስንሞክረው ጽሑፉ ሁሉ መጣ፣ ፎቶዎቹ ቀሩ። ከዎርድፕረስ የሚወጣው ፋይል ፎቶውን ራሱን ስለማይይዝ፣ ፎቶዎቹ ያሉበት ፎልደርም አብሮ መቀዳት አለበት። ይህን በሙከራ ማወቃችን በጀን።

ለወላጆች ቀን ዌብሳይቱን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮችም ለመክፈት ኔትወርክ ዘረጋን። የሰርቨሩን ቁጥር ስንጽፍ እያየነው ወደ ‘ሎካልሆስት’ ይለወጥና ገጹ የለም ይላል። ነገሩን የፈታችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ “ሎካልሆስት ማለት ‘እዚሁ ራሴ ላይ’ ማለት አይደል? የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ራሱን ነው የሚፈልገው!” ዎርድፕረስ የራሱን አድራሻ ዳታቤዝ ውስጥ ጽፎ ይይዛል፤ በሴቲንግ ገጹ ላይ ሁለቱን አድራሻዎች ወደ ሰርቨሩ ቁጥር ለወጠቻቸውና ተከፈተ።

በዚያ ቀን ወላጆች ከሁሉ በላይ የቆሙት የ1995 ዓ.ም. እትም ፊት ነው። በዋናው በር በኩል 40 የግራር ችግኝ መተከሉን የሚናገር አጭር ዜና አለበት። ሁለት ልጆች ወጥተው የቀሩትን ቆጠሩ፤ 17 ናቸው። ፎቶ አንሥተው ከዜናው ሥር አስቀመጧቸው። አንድ አባት ገጹን አንብበው ሲጨርሱ ወጥተው ዛፎቹን አዩና ተመልሰው ገቡ፤ ከተከሉት ተማሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በአሁኑ ሰዓት በዌብሳይቱ ላይ 83 ጽሑፍ አለ፤ 11 ኦተርና 3 ኤዲተር አሉን። ለመስከረም የያዝነው የ1997ቱን እትም ነው፤ ሪከርድ ክፍል ያለው ቅጂ ግን ገጽ 11 እና 12 ተቀደው የሉም። ይህን እትም ያስቀመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ካላችሁ ለአንድ ቀን አውሱን፤ ገጾቹን ጽፈን በማግስቱ እንመልሳለን።

የክበቡ ተጠሪ መምህር