ጉዳዩ፦ ልጆች በሜዳ እንዲዘሉ፣ እንዲንጠላጠሉና እንዲቆሽሹ ስለመፍቀድ

የተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። በጥቅምት ወር የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለን ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወርደን ነበር። መንገዳችን ላይ አንዲት ቦይ አለች፤ ጥልቀቷ ከጉልበት አይበልጥም፣ መሻገሪያዋም የተጋደመ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ አንድ ልጅ አንድ እግሩን ግንዱ ላይ አሳርፎ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዓይኑን ከጫማው ላይ ማንሳት አቃተው። እጁን ይዤ ሳሻግረው መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። ከኋላችን በእርሱ ዕድሜ ያለች የሰፈሩ ልጅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ መጣች፤ አንዴም ወደ ታች ሳትመለከት አልፋን ሄደች።

ያ ልጅ ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ግንድ ላይ ሄዶ አያውቅም። ጠዋት በባጃጅ ይመጣል፣ ቀኑን ወንበር ላይ ይውላል፣ በባጃጅ ይመለሳል፣ ማታ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ትምህርት ቤታችንም ድርሻ አለው። ግቢያችን ውስጥ ያለው ወይራ ላይ የወጣ ልጅ ባየሁ ቁጥር «ውረድ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለዚህ ነገር ከመምህራኑና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ደጋግመን ተነጋገርን። ስለዚህም ከጥምቀት በኋላ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ አርባ ደቂቃ የሜዳ ሰዓት እንዲኖር ወስነናል። ረቡዕና ዓርብን የተውናቸው ብዙ ልጆች ስለሚጾሙ ነው።

በዚህ ሰዓት ሰልፍ፣ ቆጠራና ፉጨት አይኖርም። ልጆቹ በተጋደመ ግንድ ላይ ይሄዳሉ፣ በአራት እግር ይድሃሉ፣ ቦይ ይዘላሉ፣ ገመድ ይጎትታሉ፣ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ይታገላሉ። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና የጨርቅ ኳስ ሁሉም ቦታ አላቸው። የገና ጨዋታንም ከበዓሉ ቀን አሳልፈን እስከ ሰኔ ልንወስደው አስበናል፤ ጥንግ ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ድንገት ይቆማል፣ እንደገና ይፈተለካል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ መድከሙ ትዝ አይለውም።

ሐሳቡ ከሌላ አገርም ምስክር አለው። ጆርጅ ኤቤር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የተረፉትን ሰዎች በማዳኑ ሥራ ተካፍሏል። ኋላ ባዘጋጀው የሰውነት ማጎልመሻ ዘዴ እንቅስቃሴን በ10 ከፈለው፦ መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በአራት እግር መሄድ፣ መውጣት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ ማንሳት፣ ራስን መከላከልና መዋኘት። ዝርዝሩን ሳነብ በጣቴ ቆጠርኩ። ከመዋኘት በቀር እኛ በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ያላደረግነው የለም፤ አባይ ወይም ጣና አጠገብ ያደገው ደግሞ እርሱንም ጨምሮ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲሆን ይመክራል። አጥንት የሚጠነክረው ሸክምና ዝላይ ሲያገኘው ነው። በቀን ብርሃን ደጅ የሚውሉ ልጆች የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የመያዝ ዕድላቸው እንደሚቀንስም ጥናቶች አሳይተዋል። እኛ የምንሰጣቸው በሳምንት ሦስት ቀን አርባ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ቀሪው ከእናንተ ነው፤ ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ ባጃጁን ትታችሁ በእግራቸው ይምጡ።

መውደቅን እንደምትፈሩ አውቃለሁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን መጀመሪያ የሚያስተምሩት አወራረድ ነው። ልጁ በተረከዙ ዱብ ካለ ንዝረቱ ወገቡ ድረስ ይሰማዋል፤ በእግሩ መዳፍ የፊት ክፍል አርፎ ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ ሲል ግን ድምፁ አይሰማም። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «ማን ነው የወረደው?» እየተባባሉ በድምፅ ይፈታተናሉ። ማንም ከመምህሩ ራስ ከፍታ በላይ አይወጣም፤ የደረቀ ቅርንጫፍም አይያዝም።

ስለ ጫማ ግን አጥብቄ ልናገር። እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ የሚወዱ የሌላ አገር ሰዎች በባዶ እግር መሄድን ይመክራሉ። ለእኛ አይሆንም። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ በሚሉት የእግር እብጠት ሊያዝ ይችላል። ዝሆኔ እያልን ከምንጠራው ውስጥ የሚቆጠር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከላከሉታል። ሸራም ይሁን ኮንጎ ጫማ፣ ልጁ ተጫምቶ ይምጣ። ጫማ መግዛት የሚከብደው ቤተሰብ ለክፍል ኃላፊው መምህር በምስጢር ይንገር፤ ኅብረቱ መፍትሔ ይፈልጋል። ከጨዋታ በኋላ እግር የሚታጠብበት ውኃና ሳሙና እናዘጋጃለን።

ሴቶች ልጆችን በሚመለከት፣ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ይልበሱ። «ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም» የሚለውን እባካችሁ እንተወው፤ ሃያ ሊትር ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ወይራ መውጣት አያቅታትም። ከትምህርት መልስ ውኃ የሚቀዱ፣ ከብት የሚያግዱ ልጆች እንዳሉንም አንረሳም። ለእነርሱ ይህ ሰዓት ሥራ የሌለበት፣ በፈለጉት ጨዋታ የሚያሳልፉት ይሆናል። ሁዳዴ ሲገባ የሚጾም ልጅ ካላችሁ አስታውቁን፤ ቀለል ያለ ጨዋታ ይሰጠዋል። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበትንም እንዲሁ።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ፦ ልጃችሁ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ አትቆጡት። የደንብ ልብሱ እንዳይጎዳ አንድ አሮጌ ልብስ በፌስታል አድርጋችሁ ላኩለት።

ያረጀ የመኪና ጎማ፣ ወፍራም ገመድ፣ የተረፈ አጣና ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ድረስ ግቢው ጥበቃ ዘንድ አስቀምጡልን። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግንዶቹን እየላጥንና እየቀበርን እንውላለን፤ መጥረቢያና ዶማ ያለው ወላጅ ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር